በረካው ላይ የተነገረን ጭማሪ

እሑድ ነበር፣ ጥቅምት 2017። ከቅዳሴ መልስ አከራያችን ቡና አፍልተው የግቢው ሰው በሙሉ ማንጎው ሥር ተሰብስቧል። ቡናው የዘጌ ነው፤ የእህታቸው ልጅ በጀልባ ሲመጣ የሚያመጣላቸው፣ ሲቆላ ሽታው ከአጥሩ አልፎ መንገደኛ የሚያስቆም። አቦሉን ስለ ልጆቹ ትምህርት እያወራን ጠጣን። ቶናው ላይ ወሬው ወደ ውኃው ዞረ፤ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። በረካው ሲቀዳ እማማ ስኒውን ወደ እኔ ዘረጉና ዓይናቸውን ከረከቦቱ ሳያነሡ፣

«እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ከኅዳር ጀምሮ አምስት ሺህ አድርጉልኝ» አሉኝ።

እስከዚያ ወር የምንከፍለው 2,800 ብር ነበር።

«ምን ችግር አለው እማማ» አልኩ። እንዲያው ከአፌ ወጣ። ስኒው እጄ ላይ መጋደሉን ያወቅሁት ልጄ «እማዬ፣ ቀሚስሽ ላይ ፈሰሰ» ስትለኝ ነው።

ያቺን «ምን ችግር አለው» ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ መላልሼ እንዳሰብኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ችግርማ ነበረው። ባለቤቴ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ነው የሚሠራው፤ እኔ አስተማሪ ነኝ። የሁለታችን ገቢ ወር ከወር የሚደርሰው ተጎትቶ ነው። 2,200 ብር ለእኛ የልጃችን ደብተርና ጫማ፣ የወሩ ዘይትና ሳሙና ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ሕግ ምን ይላል ብዬ መጠየቅ ይቅርና «እማማ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡን» ለማለት እንኳ አፌ አልተላቀቀም። አፌን የያዘኝ ይሉኝታ ነው።

ስለ ቤት ኪራይ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ክፉ አከራይ ነው። ዕቃ ደጅ ስለሚያወጣ፣ ውኃ ስለሚዘጋ፣ እንግዳ መጣ ብሎ ስለሚቆጣ። እንዲህ ያለ አከራይ አለ፤ ደርሶባት ልጇን አዝላ ደጅ ያደረች ሴት አውቃለሁ። እማማ ግን ክፉ አይደሉም። ልጄን ስወልድ ገንፎ አገንፍተው ያበሉኝ፣ ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ልጄን ወስደው አጠገባቸው ያስተኙ እሳቸው ናቸው። እኔ እንደማየው ጥሩ አከራይን መብት መጠየቅ ክፉውን ከመጠየቅ ይከብዳል። ከክፉው ጋር ተጣልቶ ሽማግሌ ወይም ዳኛ ፊት መቆም ይቻላል። የአራስ ቤት ገንፎዋን ያበላችኝን ሴት ግን ምን ብዬ ልጠይቅ?

ግቢያችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ የሚባለው ሠፈር ነው፤ ወደ ጣናው ጠጋ ባለው በኩል። ክረምት ላይ ማታ ማታ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ የማንጎው ቅጠል ቆርቆሮውን ሲጠርገው ያድራል። ፊት ለፊት ዋናው ቤት አለ፤ ከኋላ በአንድ መስመር የተሠሩ አራት ሰርቪስ ክፍሎች። ሁለቱን እኛ ይዘናል። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ ቆጣሪውም አንድ ነው። በግቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ቆጣሪ ባለበት ግቢ ወር በደረሰ ቁጥር ፊት መጥቆር አለ። የመብራት ሒሳብ በፍጆታ እርከን የሚቆጠር ስለሆነ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ተደምሮ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። ለብቻዋ ብትሆን አነስተኛ ሒሳብ የሚመጣባት ተማሪ ከእኛ ጋር ስለተደመረች የብዙ ተጠቃሚ ዋጋ ትከፍላለች። መስከረም 2017 ላይ ደግሞ ታሪፉ ራሱ ጨመረ። ስለዚህ በግቢያችን በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ክልክል ነው። እንጀራ ከሱቅ እንገዛለን። የእንጀራው ልዩነት በወር ሲደመር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ግን ማንም ከኪራይ ቆጥሮት አያውቅም።

ቆርቆሮውም አለ። ሁለት ክረምት ሙሉ ከአልጋችን ራስጌ በላይ ያፈስስ ነበር። ሌሊት ጎድጓዳ ሳህን እንደቅንበትና ጠብታው በብረቱ ላይ ሲንጣጣ እንሰማለን። በሦስተኛው ዓመት ባለቤቴ በራሱ ገንዘብ ሁለት ቆርቆሮ ገዝቶ፣ መሰላል ተውሶ ጠገነው። ከኪራዩ ይቀነስልን አላልንም። ሕጉ ትልቁን ጥገና በአከራይ፣ ጥቃቅኑን በተከራይ ላይ እንደሚያደርግ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያኔ ባውቀውም የምጠይቅ አይመስለኝም ነበር።

ሰባት ዓመት ስንኖር የጽሑፍ ውል አልነበረንም። የነበረን ደብተር ነው። ባለ 50 ቅጠል፣ ሽፋኑ የተላጠ የተማሪ ደብተር፤ እማማ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ከነጠላቸው ሥር የሚያስቀምጡት። በየወሩ እኔ ወሩንና ብሩን እጽፋለሁ፤ እሳቸው በሰማያዊ እስክሪብቶ ከጎኑ ጭረት ያደርጋሉ። የዚያን እሑድ ማታ ደብተሩን ተውሼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አየሁት። 1,200 ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ 1,500 ይላል፣ ቀጥሎ 1,800፣ ቀጥሎ 2,300፣ ቀጥሎ 2,800። ሁሉም ጭማሪ ከቡና ላይ ነው የተነገረን፤ ሁሉንም «ምን ችግር አለው» ብዬ ነው የተቀበልኩት። በገዛ እጅ ጽሑፌ ሰባት ዓመት ሙሉ ስስማማ ኖሬያለሁ።

«ለምን እሺ አልሽ?» አለኝ ባለቤቴ። አልተቆጣም፤ የምር ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ።

መልቀቅ የሚባል አማራጭ አለ፤ ሞክረነዋል። ሁለት ከሰዓት በኋላ ከደላላ ጋር ተንከራተትኩ። አባይ ማዶ ሄድን፣ ዲያስፖራ የሚባለው ሠፈር ሄድን። አባይ ማዶ ያየነው ክፍል መስኮቱ መስታወት የለውም፣ ወለሉ ሊሾ እንኳ አልሆነም፤ ሆኖም አከራዩ የጠሩት ዋጋ እማማ ካሉት ይበልጣል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው በእጃቸው ወደ ወንዙ አመለከቱኝ፤ «ድልድዩን አላየሽውም?» አሉኝ። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ያ ሁሉ ብረትና ኮንክሪት በእሳቸው ሰርቪስ ክፍል ኪራይ ላይ ታስቦ ነበር። ዲያስፖራ ያገኘናት ሴትዮ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስንት ልጅ አለሽ?» ብላ ነው። አንድ ስላት «ልጅ ያለው አላከራይም፣ ግድግዳ ያቆሽሻል» አለችኝ። ቀጣዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ፈለገ። በዚያ ላይ የደላላው ኮሚሽን አለ፣ ዕቃ የሚጭነው ጋሪ አለ፣ የልጃችን ትምህርት ቤት ርቀት አለ። በጸጥታው ችግር ምክንያት ከየወረዳው ወደ ከተማው የገባው ሰው ብዙ ነው፤ አንድ ክፍል ሲለቀቅ በማግሥቱ ሰው ይገባበታል። ደላላውም ይህን ያውቃል፤ «ቶሎ ካልወሰናችሁ ነገ የለም» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

ጉልበቱ ወዴት እንዳጋደለ የገባኝ በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። እኔ እምቢ ብል ብዙ ነገር አጣለሁ፤ አከራዩ እምቢ ቢለኝ የሚያጣው ቢበዛ የሳምንት ኪራይ ነው። ያልተጻፈ ውል ደግሞ ይህን ልዩነት ይበልጥ ያሰፋዋል።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሕግ የሚማር ባልደረባ አለኝ። ነገሩን ስነግረው አልሳቀብኝም፣ አልመከረኝምም። በማግሥቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዞልኝ መጣና በሻይ ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀመጥን። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፤ በንጉሡ ጊዜ። ዛሬም ውላችንን የሚገዛው እሱ ነው። ስለ ቤት ኪራይ የሚናገር ክፍል አለው። ያን ክፍል ሳነብ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ሕጉ የኪራይ መጠን አይተምንም፣ ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ይተወዋል። «ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» አልኩት። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠና ቁጥር 1731 ላይ ጣቱን አሳረፈ። «በሕግ አግባብ የተቋቋሙ ውሎች ባቋቋሟቸው ሰዎች ላይ ሕግ ናቸው» ይላል።

መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ውበቱ ነው የገዛኝ። ቆይቼ ግን ትርጉሙ ገባኝ። እኔና እማማ ቁጭ ብለን «ሁለት ዓመት፣ በዚህ ዋጋ» ብንል፣ ያ ቃላችን ለሁለታችን ሕግ ይሆናል። በሁለቱ ዓመት መካከል እሳቸው ብቻቸውን ዋጋውን ሊለውጡት አይችሉም፤ እኔም ብቻዬን ልቀንሰው አልችልም። ለመለወጥ ሁለታችንም መስማማት አለብን። የጊዜ ገደብ የሌለው ውል ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል። ሰባት ዓመት ሙሉ የኖርነው በዚህ ዓይነቱ ውል ነበር። ስለዚህ «አልጨምርም» የምለው ቃል በተግባር «እወጣለሁ» ማለት ሆኖ ኖሯል። በቃል የተስማማነው ነገር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዳኛ ፊት ብንቆም ግን እኔ አንድ እላለሁ፣ እሳቸው ሌላ ይላሉ፤ ጭረት ያለበት ደብተር ስንት እንደተከፈለ ይናገራል እንጂ እስከ መቼ እንደተስማማን አይናገርም።

ከዚህ በላይ የሚሄድ ሕግም አለ። መጋቢት 17 ቀን 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይፈቅድም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ባደረገው መጠን ይሁን ይላል። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ዲያስፖራ ሦስት ወር ቅድሚያ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አለኝ።

አዋጁ የሚሠራው ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በክልል ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው አንዱን መስመር ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንብቦ ከአከራዩ ጋር ሲጣላ ስላየሁ ነው። የክልል ከተማ ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁ ፊት አዋጅ ከመጥቀሳችሁ በፊት የከተማችሁን አስተዳደር ጠይቁ፤ ብትችሉ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት የተለያየ መልስ የተሰጠኝ ቢሮ አለ። ሦስተኛ ሄጄ ኅዳር እስኪገባ ከመጠበቅ፣ የትም ከተማ የሚሠራውን ይዤ ለመነሣት ወሰንኩ። ያም ውል ነው። አዋጁ ካስቀመጣቸው ነገሮች ብዙዎቹን ሁለት ሰዎች ተስማምተው በውላቸው ውስጥ ቢጽፏቸው የሚከለክላቸው የለም።

የቀረው እማማን ማናገር ነበር። ሦስት ቀን ፈራሁ። በአራተኛው ከሥራ ስመለስ ገበያ ገብቼ ቆሮሶ ገዛሁ፤ እማማ ዓሣ ይወዳሉ። ይዤላቸው ገባሁ። ይህን ማድረጌ ይሉኝታው ነው አይደለም ብዬ ራሴን ጠይቄ ነበር። አይደለም፤ ባዶ እጄን ገብቼ ስለ ብር ማውራት አልፈለግሁም፣ ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይገባም።

«እማማ፣ የእሑዱን ነገር ሳላስብ ነው እሺ ያልኩዎት» አልኳቸው። «አምስት ሺህ አንችልም። ግን አጣልቶን እንዲያልፍ አልፈልግም። ቁጭ ብለን እንነጋገር።»

ዝም አሉ። ፊታቸው አልተቆጣም፤ ያዘነ መሰለኝ፣ ያም ልቤን ሰበረው። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ ቀደም ብዬ መስማት የነበረብኝን ነገር። ባለቤታቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበሩ። ይህቺ ከተማ ፋብሪካውን ያገኘችው በ1950ዎቹ፣ ጣሊያን በጦር ካሣ ከከፈለችው ነው፤ የሽምብጥ ሽማግሌዎች የፋብሪካውን ፉጨት ሰምተው ሰዓት ይቆጥሩ እንደነበር ያወራሉ። የባለቤታቸው ጡረታ ለእማማ ይተላለፍላቸዋል፤ መጠኑን ሲነግሩኝ ለደም ግፊት መድኃኒታቸው እንኳ እንደማይበቃ አየሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መድኃኒቱ በየወሩ ይጨምራል። ባለፈው ወር ግማሹን ብቻ ገዝተው ቀን እየዘለሉ ሲወስዱት ነበር። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ ነው የምኖረው።

«አምስት ሺህ ማን አለዎት እማማ?»

«ደላላው ነዋ። ‹እነዚያን ቢያስወጧቸው አምስት ሺህ የሚከፍል ዛሬ አመጣልዎታለሁ› አለኝ። እኔ እናንተን ማውጣት አልፈልግም። ሌላው የሚከፍለውን ብትከፍሉኝ ብዬ ነው።»

ለካ የእኛን ኪራይ የተመነው የሦስተኛ ሰው ወሬ ኖሯል። ሰውዬው ቤት በተለዋወጠ ቁጥር ኮሚሽን ያገኛል፤ እኛ ተስማምተን ብንኖር የሚያገኘው ምንም የለም።

«እንግዲያው እንጻፈው» አልኳቸው። «ሁለት ዓመት፣ በአንድ ዋጋ። እርስዎም በየወሩ ስንት እንደሚገባልዎት ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን።»

ወረቀት የሚለውን ሲሰሙ ነው ፊታቸው የተለወጠ። እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «ወረቀትስ ይቅርብኝ» አሉ።

መጀመሪያ ግብሩን የፈሩ መስሎኝ ነበር። እሱም ነበረበት፤ ከኪራይ የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ግብር የሚከፈልበት ነው፣ ወረቀት ኖረም አልኖረም። ይህን አልደበቅኳቸውም፤ ልጃቸው ቀርባ እንድታሰላላቸው ነው የነገርኳቸው። ዋናው ፍርሃታቸው ግን የቆየ ነው። አማታቸው ከድሮው ገበያ አጠገብ ሁለተኛ ቤት ነበረቻቸው፣ ሁለት ክፍል፣ የሚያከራዩአት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከመኖሪያው ሌላ ቤት የነበረው ሁሉ አጣው፤ ከዚያ በኋላ ግለሰብ ቤት ማከራየት አይችልም ነበር። አማታቸው ቅጹን የሞሉላቸው የሠፈር ወጣቶች ነበሩ፤ «ስምሽን፣ ቤትሽን፣ ተከራይሽን አስመዝግቢ» ብለዋቸው። ያስመዘገቧት ቤት አልተመለሰችም። እማማ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። «ስሜን ወረቀት ላይ ያሰፈርኩ ለት ቤቴ ሄደ፣ እያለች ነው የሞተችው» አሉኝ።

ስለዚያ አዋጅ እኔ የሰማሁት በተከራይ ወገን ነው። እናቴ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው ያደገችው። አዋጁ የቤት ኪራይን ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀንሶ፣ እስከ 100 ብር የሚከራዩትን ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ሲሰጥ፣ አያቴ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ውጪ» የሚላቸው እንደሌለ አምነው ተኙ ትላለች። አንዱ ወረቀት የእኔን አያት አስተኛ፣ የእማማን አማት ደግሞ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንቅልፍ ነሣ። ያን ማታ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ሴቶች የነበሩ ያህል ተሰማኝ። እማማ ውል የማይጽፉት ሊያታልሉኝ ነው ብዬ አስቤ ነበርና አፈርኩ።

ስለዚህ ወረቀቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ማስረዳት ጀመርኩ። ቤቱ የእርስዎ መሆኑን የሚጽፍ ነው አልኳቸው፤ የመጀመሪያው መስመር ያ ይሆናል፤ ተከራይዋ በቤቱ ላይ ሌላ መብት እንደሌላት እኔው ራሴ እፈርማለሁ። ዕቃ ብሰብር የምተካው ይጻፋል። ኪራይ ባዘገይ ምን እንደሚሆን ይጻፋል። «አንቺ ላይ ነው እንዴ የሚጻፈው?» አሉ ተገርመው። በሁለታችንም ላይ ነው አልኳቸው።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣች። ነርስ ናት፤ ረጋ ያለች። የጻፍኩትን ረቂቅ ሁለት ጊዜ አንብባ እኔ የረሳሁትን ጨመረች፤ እናቷ ድንገት ቤቱን ለራሳቸው ቢፈልጉት የሚለውን። በዋጋው ላይ ነው ብዙ የቆየነው። እኛ 3,300 አልን፣ እነሱ 4,500። ባለቤቴ የቆርቆሮውን ነገር አነሣ፤ በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። እማማ ደንግጠው ዞሩበት፤ «ልጄ፣ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉት። ያፈስ እንደነበር አላወቁም። እኛ ብንነግራቸው ይቀየሙናል ብለን የዋጥነውን እሳቸው ጭራሽ አልሰሙትም ነበር።

3,800 ላይ ተስማማን። ከኅዳር ሳይሆን ከጥር ጀምሮ፣ ለሁለት ዓመት፣ በየወሩ በ5 በባንክ ሒሳባቸው የሚገባ። የሚለቅ ወይም የሚያስለቅቅ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ። ትልቁ ጥገና የእማማ፣ ቧንቧና ቁልፍ የእኛ። መብራት ላይ ለሁለቱ ክፍሎቻችን የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ባለቤቴ ሊያስገባ፣ ሒሳቡን በዚያው ልክ ልንከፍል። ምጣዱንም በዚያው አስፈቀድነው።

3,800 ቀላል አይደለም፤ ወር ሲያልቅ ዛሬም እንጨነቃለን። ነገር ግን ታኅሣሥ 2019 ድረስ ስንት እንደምከፍል አውቃለሁ። ማወቅ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በልጄ ነው። በየእሑዱ ቡና ሲጠራ «እማዬ፣ ልንወጣ ነው?» ትለኝ ነበር፤ ያን ጥያቄ ትታዋለች። እኔም በረካ ሲቀዳ ልቤ መምታት አቁሟል።

ለሌላ ተከራይ የምለው ካለኝ አንድ ነው፤ ጭማሪ በተነገራችሁ ሰዓት መልስ አትስጡ። «አስቤ እመለሳለሁ» ማለት ነውር የለውም። እኔን ለአንድ ወር እንቅልፍ ያሳጣኝ ጭማሪው ብቻ አልነበረም፤ ሳላስብ የሰጠሁት እሺታ ነው። አከራያችሁ ለምን ያን ዋጋ እንደጠራም ጠይቁ፤ ግብር ይሆናል፣ መድኃኒት ይሆናል፣ የደላላ ወሬ ይሆናል። ስትስማሙ ደግሞ ጻፉት፤ በተለይ ከምትወዱት ሰው ጋር ከሆነ።

ውሉ የተፈረመው በዋጋው በተስማማን ማግሥት ነው፣ እሑድ፣ ማንጎው ሥር። ውሉን ሁለት ቅጂ አድርጌ በትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር። ሁለት ምስክሮች ነበሩ፤ የጎረቤት ጋሼና ከኋላ ክፍል ያለችው ተማሪ። እማማ ጣታቸውን የሚያትሙ መስሎኝ የማኅተም ቀለም ተውሼ መጥቼ ነበር። ገፋ አደረጉት። «እስክሪብቶውን አምጪ» አሉ። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር፣ ልጅ አዝለው ማታ ማታ ተምረዋል፤ ይህንንም የሰማሁት ያን ቀን ነው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው በወረቀቱ ላይ አቀረቀሩ። አንድ ፊደል ይጽፋሉ፣ ያርፋሉ፣ እስክሪብቶውን አንሥተው ያዩታል፣ ሌላ ይጽፋሉ። ማንም አልተናገረም። የስማቸውን የመጨረሻ ፊደል ሲጨርሱ እግሩን ትንሽ አስረዝመው ጎተቱት፤ ልጄ ከጎናቸው ቆማ በከንፈሯ ታነብብላቸው ነበር።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ።

«ታኅሣሥ 2019፣ እማማ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ያኔ ይቺ አራተኛ ክፍል ትገባለች» አሉና የእሳቸውን ቅጂ ለሁለት አጥፈው አሮጌው ደብተር ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ልጄን ለጀበናው ውኃ አምጪ ብለው ላኳት።